ሞተርን ቁጭ አድርገው የሚጠይቁት ጋሼ አለልኝ

ጋሼ አለልኝ ማረፋቸውን የሰማሁት ቡሬ መናኸሪያ ውስጥ፣ የፍኖተ ሰላም ተሳፋሪ እየጫንሁ፣ ሞተሬን ሳላጠፋ ነው። የደወለልኝ ጎሚስታ የሚሠራ ወዳጄ ነው። “ሰውየው ሄዱ” አለኝ። የትኛው ሰውዬ ብዬ አልጠየቅሁትም። ከደምበጫ እስከ ቡሬ በሚመላለስ ሹፌር አፍ “ሰውየው” የሚባሉት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ።

ስልኩን ዘጋሁና እጄን ወደ ቁልፉ ሰደድሁ፤ ከዚያ ተውሁት። ወርጄ ወደ ኋላ ዞርሁ። ከጭስ ማውጫው ፊት ለፊት ቆሜ ለረጅም ጊዜ አየሁት። ረዳቴ “ምን ሆንህ? መኪናው ምን ሆነ?” እያለ ይጠይቀኛል። መኪናው ምንም አልሆነም፤ አያጨስም፣ አያስልም። እኔ ግን ዕንባዬ መጣ። ተሳፋሪ ሁሉ እያየኝ እዚያው የጭስ ማውጫ ሥር ቆሜ አለቀስሁላቸው። ይህን ቢያዩ ኖሮ ደስ ይላቸው ነበር፤ መወደድ የሚወዱ ሰው ነበሩ።

ጋራዣቸው ከፍኖተ ሰላም ወደ ማንኩሳ መውጫ ላይ፣ ከአንድ ትልቅ ዋንዛ ሥር ነው። መካኒክ ሲባል በግሪስ የተነከረ ሰው የሚታያችሁ ከሆነ ጋሼን አላያችኋቸውም። ሰማያዊ ካኪ ኮታቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። ከደረት ኪሳቸው ነጭ መሐረብ ብቅ ይላል። ከመኪና ሥር የሚገቡት ሠራተኞቻቸው ናቸው፤ እሳቸው ከገቡ ዘመን አልፎታል። ልክ ነኝ ማለት አይታክታቸውም ነበር። “እኔና ሞተሩ ካልተስማማን፣ ሞተሩ እንደገና ይጠየቅ” ይሉ ነበር። ጉራ ነው እንል ነበር። ጉራም ነበር፤ ግን ልክ የሆነ ሰው ጉራ።

አንድ ሹፌር ታማሚ መኪና ይዞ ሲገባ ወጉ ነዳጅ መርገጥ ነው። ሞተሩን ያስጮኸዋል፣ “ይሰማል ጋሼ? ይሰማል?” ይላል። ጋሼ ይጮኹበታል።

“ልቀቀው! እግርህን አንሣ! ነዳጅ ስትሰጠውማ ሁሉም ጎበዝ ነው። ቁጭ ሲል ነው አመሉ የሚታወቅ።”

ሞተሩ ያለ ነዳጅ እርግጫ፣ በቆመበት፣ በራሱ ቀስ ብሎ ሲሠራ ነው እኛ ሚኒሞ የምንለው። ጋሼ ከሚኒሞ ሌላ የሚያምኑት ምርመራ አልነበረም። በርጩማቸውን ከጭስ ማውጫው ኋላ ያስቀምጣሉ፣ መሐረባቸውን አውጥተው በጭሱ ፊት ይዘረጋሉ፣ ያሸቱታል፣ ቀለሙን ወደ ብርሃን አንሥተው ያያሉ። ከዚያ ከኪሳቸው አንድ እፍኝ ቆሎ ያወጡና አንዷን አንዷን እየለቀሙ መቆርጠም ይጀምራሉ። ቆሎው እስኪያልቅ ቃል አይወጣቸውም። አንተ ቸኩለህ “ታዲያ ምንድን ነው ጋሼ?” ካልህ ሌላ እፍኝ ያወጣሉ። ይህን ያላወቀ እንግዳ ሹፌር ሆን ብለው የሚያናድዱት ይመስለዋል፤ ሦስቴ ጠይቆ ሦስት እፍኝ ያስቆረጠማቸው አንድ የባሕር ዳር ሰው እስከ ዛሬ ይሳቅበታል።

ይህን ልማድ ከየት እንዳመጡት ይነግሩን ነበር። “አዲስ አበባ ሳለሁ” ብለው ከጀመሩ ወሬው የውድድር መኪናዋ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በወጣትነታቸው ይሠሩበት ወደነበረው ጋራዥ አንድ ሀብታም ለውድድር ያስመጣት ዝቅ ያለች ቀይ መኪና ትመጣ ነበር። ሞተሯ ፒስተን የለውም። በፒስተን ፋንታ ሦስት ማዕዘን ያለው ብረት ክፍል ውስጥ ይዞራል። ጋሼ በጣቶቻቸው ሦስት ማዕዘን ይሠሩና በአየር ላይ ያዞሩታል።

“ፒስተን የሌለው ሞተር!” ብለን እንስቃለን። “ቀጥሎ ደግሞ ጎማ የሌላት መኪና ሊነግሩን ነው” ይላል ደፋሩ።

“አንተ ያላየኸው ሁሉ የለም? እንግዲያው አዲስ አበባም የለችማ!” ይሉታል። ይህን ያሉት አዲስ አበባ ላልሄደ ሰው ከሆነ ጋራዡ ይፈርሳል በሳቅ።

ያች መኪና ስትሮጥ ንጹሕ ናት። ሚኒሞ ላይ ቁጭ ስትል ግን ኋላዋ በሰማያዊ ጭስ ይሸፈናል። የጋራዡ ሰዎች “ሞተሩ አለቀ” ብለው አወረዱት፣ ፈቱት፣ ዕቃ ቀየሩለት፣ መልሰው ሰቀሉት። ታጨሳለች። እንደገና አወረዱት። አሁንም ታጨሳለች። አለልኝ የሚባለው ጎረምሳ ቆሎውን ይዞ አጠገቧ ተቀምጦ ዋለ። ለካ ሞተሩ ምንም አልሆነም! ቱርቦ የሚሉት፣ ለሞተሩ አየር የሚነፋለት ዕቃ አለ፤ ዘይቱ ከዚያ ወደ ሞተሩ የሚመለስበት ቀጭን ቱቦ ተጣሞ ነበር። መውረጃ ያጣ ዘይት ወደ ጭስ ማውጫው ይገባል። ስትሮጥ የጭሱ ግፊት መልሶ ይገታዋል፤ ቁጭ ስትል የሚገታው ስለሌለ ወጥቶ ይቃጠላል። ቱቦዋ ቀና፣ ጭሱ ቆመ።

ይህን ታሪክ ከሃያ ጊዜ በላይ ሰምቼዋለሁ። ሁልጊዜም ስቄበታለሁ። እኔኑ ያድነኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ያን ጊዜ የማንኩሳው አቶ ሙሉጌታ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ሹፌር ነበርሁ። አቶ ሙሉጌታ ደግ ሰው ናቸው፣ ግን ቁጣቸው ቀድሟቸው ይደርሳል። መኪናዋን ከልጆቻቸው ለይተው አያዩዋትም። በቀን ፍኖተ ሰላም ቡሬ ስመላለስ እውልና አመሻሽ ላይ አምጥቼ ከግቢያቸው አቆማታለሁ። ኅዳር ነው፤ በርበሬ የደረሰበት ወር። ግቢው በሙሉ ሸራ ተነጥፎ ዛላ በርበሬ ተሰጥቶበታል፤ መኪናዋን የማቆመው በበርበሬው ጥግ ነው።

በዚያ ሰሞን መኪናዋ ማጨስ ጀመረች። መንገድ ላይ ደኅና ናት፤ ዳገቱንም ትወጣዋለች። መናኸሪያ ቆማ ተሳፋሪ ስትጠብቅ ግን ሰማያዊ ጭስ ትለቃለች፤ ተሳፋሪው አፍንጫውን በነጠላ ይሸፍናል። አቶ ሙሉጌታ አንድ መካኒክ አሳዩ። “ፋሻው አልቋል፣ ሞተሩ ይውረድ” አላቸው። ፋሻ የምንለው ፒስተኑን የሚከበውን ቀለበት ነው፤ ሲያልቅ ዘይት ያሳልፋል። ሌላ አሳዩ። እሱም ሞተሩ ይውረድ አለ፣ ከዚያም ጨመረበት፤ “ሹፌሩ ውኃ ሳያይ ነድቶ አቃጥሎታል።”

ይህች ቃል ከአፉ የወጣች ዕለት እኔ ሞትሁ። ሹፌር ሌላ ምን አለው? በእኛ አገር የሹፌር ስም ከሹፌሩ ቀድሞ ነው ቡሬ የሚደርሰው። ሞተር ያቃጠለ የተባለ ሰው፣ መንጃ ፈቃዱን አንገቱ ላይ ቢያንጠለጥለው እንኳ ቁልፍ የሚሰጠው የለም። ውኃዬን በየማለዳው አይቻለሁ፣ ዘይቴን ለክቻለሁ። ማን ይመስክርልኝ? ረዳቶቹ ሳይቀሩ ሲያዩኝ ወሬ ማቆም ጀመሩ።

ነገሩ ወደ ሽማግሌ ሄደ። የሽማግሌዎቹ መሪ አባ ውብሸት ነበሩ፤ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ከሚሉት የሚተዉት የሚበዛ አዛውንት። እኔ “ሌላ መካኒክ አልፈልግም፣ ጋሼ አለልኝ ይዩልኝ” አልሁ። አቶ ሙሉጌታም ተስማሙ። ሽማግሌዎቹ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከዛፍ ሥር እንዲቀመጡና ጋሼ መጥተው እንዲመሰክሩ ተላከባቸው። ጋሼ የላኩት መልስ አጭር ነው፦

“ተከሳሹ ሞተር ነው። ተከሳሽ ሳይቀርብ አልመሰክርም።”

በዚህ ምክንያት ሽማግሌዎቹ ከአቶ ሙሉጌታ ግቢ መጡ። አግዳሚ ወንበር ከመኪናዋ ኋላ ተደረገ። ጋሼ በተተኮሰ ኮታቸው ደረሱ፣ አባ ውብሸትን እጅ ነሡ፣ “አስነሣት፣ ነዳጅ እንዳትረግጥ” አሉኝ። ሞተሩ ተነሣ። ጭሱ መጣ። ጋሼ መሐረባቸውን ዘረጉ፣ አሸቱ፣ አዩ። ከዚያ ቆሏቸውን አወጡና ለራሳቸው ከመውሰዳቸው በፊት ለሽማግሌዎቹ ሁሉ በየእፍኛቸው አደሏቸው።

የማንኩሳ ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢያቸውን እንደለበሱ፣ ከአንድ ቅጥቅጥ ጭስ ማውጫ ፊት ተደርድረው፣ ቆሎ እየቆረጠሙ ሞተር ሲያደምጡ ያየሁ እኔ ነኝ። በርበሬው በአንድ ወገን፣ ጭሱ በሌላ ወገን ያስነጥሳቸዋል። በዚያ ጭንቀቴ መካከል ሳቄ መጥቶ ምላሴን ነክሼ ነው ያሳለፍሁት።

አቶ ሙሉጌታ ግን ትዕግሥታቸው አለቀ። ብድግ ብለው እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሡ።

“እናንተ ሰዎች ስሙኝ! ይኸን ሞተር ያበላሸ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ማርያምን! ዳግመኛ ከዚህ ደጅ አይቆምም!”

 አቶ ሙሉጌታ ከማሉ ማሉ ነው፤ መሐላቸውን አፍርሰው አያውቁም። ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ባለቤታቸው እትዬ የሺ በርበሬውን ያገላብጡ ነበር፤ እጃቸው በአየር ላይ ቀረ። እኔ ለእኔ አዝነው መሰለኝ።

ጋሼ ቆሏቸውን ጨረሱና ተነሡ። የሞተሩን ዘይት መጨመሪያ ክዳን ፈተው አባ ውብሸትን “ይምጡ አባ፣ መዳፍዎን ያድርጉበት” አሏቸው። አባ ውብሸት መዳፋቸውን ዘረጉና ቶሎ ሰበሰቡ።

“ኧረ ይነፋል!”

“ይነፋል። ሞተር እንደ ሰው ይተነፍሳል፤ ይቺ ግን ትንፋሿ ታፍኗል፣ መውጫ አጥቷል። ትንፋሿ ሲታፈን የቱርቦው ዘይት ወደ ሆዷ መመለሻ ያጣል፣ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ፋሻዋ ቢያልቅ ኑሮ ዳገት ላይ ይብስባት ነበር። ይቺ ዳገት ላይ ንጹሕ ናት፣ ቁጭ ስትል ነው የምታጨስ። እዩ እንግዲህ፣ ክዳኑን እንዲሁ ክፍት ልተወው።”

ሌላ እፍኝ ቆሎ ታደለ። ጭሱ ሳሳ። ቆሎው ሳያልቅ እየሳሳ ሄዶ የወጥ ቤት ጭስ እንኳ አላክል አለ። ከዚያች ደቂቃ በፊት ምን ያህል ፈርቼ እንደነበር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ጋሼ ግን አልጨረሱም። መሬቱን እያዩ መኪናዋን ዞሯት። በበርበሬው ሸራ ጥግ ላይ የቆየ የዘይት ጠብታ ነጠብጣብ አለ፤ አዲስ ጠብታ ግን የለም። እዚያ ላይ ቆሙ። ቀና ብለው እትዬ የሺን አዩ።

“መኪናዋ ማታ ማታ የምታድረው እዚህ ነው እመቤቴ?”

“አዎ ጋሼ” አሉ እትዬ የሺ፣ ዓይናቸውን ወደ በርበሬው ጥለው።

ከዚያ በኋላ ጋሼ ያደረጉትን ሳስብ እስከ ዛሬ ደረቴ ይነፋል። ከመኪናዋ ሥር ለመግባት ጎንበስ ስል በትከሻዬ ያዙኝ። “ተው። ዛሬ እኔ ነኝ የምገባ” አሉ። “ኮትዎ ጋሼ!” አልኋቸው። አልሰሙኝም። ያ የተተኮሰ ኮት፣ ሠራተኞቻቸው አቧራ እንዳይነካው ራቅ ብለው የሚያልፉት ኮት፣ በጀርባው መሬት ነካ። ሽማግሌዎቹ የሚያዩት ጫማቸውን ብቻ ነው። እኔ በጎማው በኩል ተንበርክኬ ነበርና አየሁ።

የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ ጫፍ ወደ መሬት ተንጠልጥሏል። ያሮጀ ሞተር ከዚያ ትንሽ ዘይት ማንጠባጠቡ ያለ ነው። ጫፉ ላይ ከማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ የወጣ ወፍራም ላስቲክ ታጥፎ ተሸፍኗል፤ በጠባብ ጨርቅ ድርብርብ ተጠፍሮ ታስሯል። ጨርቁ ቀይና አረንጓዴ ጥለት ያለው የመቀነት ጫፍ ነው። መቀነት የሚታጠቅ ደግሞ ሹፌር አይደለም፣ ረዳትም አይደለም።

ጋሼ ፈቱት። ጨብጠው በጡጫቸው ውስጥ ጨመደዱት። ዓይናችን ተገጣጠመ። ቅንድባቸውን ትንሽ አነሡ። ሲወጡ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነበር፤ ጀርባቸው በዘይትና በአቧራ ተለውሷል። ክዳኑን መልሰው ገጠሙ። “በጭስ ማውጫዋ ማርሚታ ውስጥ የቀረ ዘይት አለ፣ እሱን እስክትጨርስ ጥቂት ታጨሳለች” ብለው ተቀመጡ። ቀስ በቀስ ጠራች። ነጩን መሐረብ ዘረጉት፤ ነጭ እንደሆነ ተመለሰ።

“ምን ሁኖ ነው?” አሉ አባ ውብሸት።

“መተንፈሻዋ ተደፍኖ ነበር።”

“ማን ደፈነው?”

ጋሼ መሐረባቸውን እጥፍ አድርገው ወደ ደረት ኪሳቸው መለሱ።

“አባ፣ እናንተ የጠራችሁኝ ይኼ ጌትነት ሞተሩን አቃጠለ ወይስ አላቃጠለም ብላችሁ ነው። አላቃጠለም። ውኃውንም ዘይቱንም የሚያይ ሹፌር ነው፣ ስሙን መልሱለት። ሞተሩም አይወርድም። ከዚያ ወዲያ ላለው አልተጠየቅሁም።”

አባ ውብሸት የጋሼን ኪስ አዩ። ቀጥለው አሁን የማሉትን አቶ ሙሉጌታን አዩ። ቆሎ መቆርጠማቸውን አቆሙ።

“የተጠየቀው ተመልሷል” አሉ። “በቃ፣ እንመርቅ።”

አቶ ሙሉጌታ ትከሻዬን ስመው ይቅርታ ጠየቁኝ፤ ቁልፉንም በሽማግሌዎቹ ፊት መልሰው ሰጡኝ። ያን ቁልፍ ስቀበል የተሰማኝን ኩራት መንጃ ፈቃድ ያወጣሁ ዕለት አልተሰማኝም። ጋሼ ሊሄዱ ሲሉ ዘወር ብለው፣ “ሙሉጌታ፣ ከቱቦዋ ጫፍ ሥር ጣሳ አንጠልጥልላት፣ አፉ ክፍት ይሁን። በርበሬው ላይ እንዳታንጠባጥብ” አሉ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ በየኅዳሩ ከእትዬ የሺ የተላከ አንድ ጆንያ ምርጥ ዛላ ጋራዡ ደጅ ይደርስ ነበር። አቶ ሙሉጌታ ስለ ሞተሩ ምስጋና ነው ይሉ ነበር። እኔና ጋሼ ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አላወራንም።

በጋሼ ለቅሶ ላይ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። መንገዱ ክፍት የሆነለት ሹፌር ሁሉ መጥቷል፤ ቅጥቅጡ፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁ ከዋንዛው ጀምሮ ተደርድሯል። ከወጣቶቹ አንዱ ተነሥቶ የማንኩሳውን ታሪክ ያወራ ጀመር። “ሞተሩን በጆሯቸው ብቻ ሰምተው አዳኑት፤ ለካ አቧራ ደፍኖት ነው” አለ።

“አቧራ አይደለም” የሚል ድምፅ ከሴቶቹ ወገን መጣ።

እትዬ የሺ ናቸው። ባላቸው ካረፉ ወዲህ ጥቁር እንደለበሱ ነው። በትራቸውን ተመርኩዘው ቆሙ።

“የማዳበሪያ ላስቲክ ነው። ያሰርሁትም እኔ ነኝ። ዘይቱ በርበሬዬ ላይ ቢንጠባጠብ ተናድጄ በመቀነቴ ጫፍ ጠፍሬ አሰርሁት። ሞተር ይተነፍሳል ብሎ ማን ነግሮኝ? ባለቤቴ ያን ቀን ምሎ ነበር። ሰውየው አንዲት ቃል ቢተነፍሱ ኑሮ ከልጆቼ ደጅ ወጥቼ ነበር። እሳቸው ግን በዚያ ኮታቸው መሬት ላይ ተኝተው ፈትተው በኪሳቸው ከተቱልኝ።”

 እትዬ የሺ በዓይናቸው ፈለጉና አገኙኝ።

“አንተ ጌትነት፣ አጠገባቸው ነበርህ። አይተሃል አላየህም?”

“አይቻለሁ እትዬ።”

“የጠፋው ያንተ ስም ነበር። እኔን ብትጠራ ጨርሰህ ትነጻ ነበር። ይኸን ሁሉ ዘመን ምነው ዝም አልህ?”

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ስለ ጋሼ ለመናገር ከቡሬ ጀምሮ ስንት ነገር እያሰብሁ ነበር የመጣሁት፤ ሁሉም ጠፋኝ። ወገቤን ቀና አድርጌ ቆምሁ።

“አልተጠየቅሁም፣ እትዬ” አልሁ።

መጀመሪያ የሳቁት ራሳቸው እትዬ የሺ ናቸው፣ ዕንባቸው እየወረደ። ቀጥሎ ሹፌሮቹ። ለቅሶ ቤት ነው ብሎ ያፈረ አልነበረም።